ዘራፊው ቆጥሮታል፤ እኛ ለምን አንቆጥርም? ስለ ቅርስና መቃብር ምዝገባ በጀት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የነበረ አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። ጸሐፊው ወሎዬ ናቸው፤ ብዕራቸውም ስል ነው። ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ዞኖችና ወረዳዎች አሮጌ ቤት፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያንና የመቃብር ቦታ ለመመዝገብ በጀት መያዛቸው ብክነት ነው። ሕዝቡ የሚፈልገው ውኃና ክሊኒክ ነው። ቅርሶቹ የሃይማኖት ተቋማት ስለሆኑ ወጪው የእነሱ ነው። ታዋቂዎቹ ተመዝግበዋል፣ የቀረው ተራ ድንጋይ ነው። ምዝገባ ሌባ ይጠራል። ሙታን ይረፉ። የአሮጌ ቤት ባለቤት እጁ ይታሰራል። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ገንዘቡ የሚያልቀው በአበል ነው።

የአበሉ ነገር እውነት አለው፤ ስደርስ እመለስበታለሁ። ሌላው ግን እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም።

መጀመሪያ ከውኃና ክሊኒክ እንነሳ። ይህን ክርክር ማንም ሰው ደፍሮ አይቃወመውም፤ ለዚህም ይመስለኛል ጸሐፊው ፊት ለፊት ያስቀመጡት። ወሎ ከጦርነት ወጥታለች። የፈረሰ ትምህርት ቤት አለ፤ መድኃኒት የሌለው ጤና ጣቢያ አለ። ይህን የሚክድ የለም። ግን ምዝገባ ማለት እድሳት ማለት አይደለም። ሕንፃ አይገነባም፣ ሲሚንቶ አይገዛም። ሰው ይሄዳል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ቦታውን በስልኩ ጂፒኤስ ይይዛል፣ ሽማግሌ ይጠይቃል፣ ፎርም ይሞላል። ከቅርስ ሥራ ሁሉ ርካሹ ይህ ነው። አንድ ክሊኒክ በዚህ ምክንያት ሳይሠራ ቀረ ማለት የወረዳ በጀት እንዴት እንደሚሠራ አለማወቅ ነው።

እንዲያውም ግንባታው ራሱ መዝገቡን ይፈልገዋል። ዶዘር ገብቶ አጽም ሲወጣ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ሥራው ይቆማል። ሽማግሌ ይጠራል። ቄሱም ሼኹም ይመጣሉ። ኮንትራክተሩ የቆመበትን ቀን ያስከፍላል። ቦታው ቀድሞ ካርታ ላይ ቢኖር ኖሮ መስመሩ ትንሽ ዞር ይል ነበር።

ጦርነት ባለቀበት አገር ምዝገባ ቅንጦት ነው የሚለውም በታሪክ አይደገፍም። የእንግሊዞቹ የታሪካዊ ሕንፃዎች መዝገብ መነሻው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ድብደባ ነው። ከተሞቹ እየነደዱ ነበር። ያኔ ባለሙያዎች ተመድበው በየከተማው ዝርዝር ያዘጋጁ ጀመር፦ ከተጎዱት ሕንፃዎች መካከል የትኛው ይፍረስ፣ የትኛው ይትረፍ የሚል። በ1947 እ.ኤ.አ. ነገሩ በሕግ ጸና። ዛሬ የእንግሊዝ መዝገብ ወደ 400 ሺህ የሚጠጋ ቅርስ ይዟል። እህል በራሽን ይበሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው ይህን የጀመሩት።

ደሴም ከዚህ የራቀች አይደለችም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ነበሩ። ከዚያ በፊት የነበረው ምን ነበር? ከዚያ በኋላ የተረፈው ምንድነው? ጣሊያን በአምስት ዓመቱ የሠራውስ? አራዳና ፒያሳ ላይ የሚያልፍ ሰው አሮጌ በረንዳ ያያል፤ ማን ሠራው ቢሉት ግን የሚመልስ ያጣል። አሁን ደግሞ የኮሪደር ልማት መጥቷል። መንገድ መስፋቱን እኔም እወዳለሁ። ሎደሩ ግን አሮጌ ቤትን ከአሮጌ ቆርቆሮ አይለይም። እሱን የሚለይለት ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ከሎደሩ መቅደም አለበት።

ሁለተኛው ነጥባቸው መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው የሚለው ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ እንዲህ ይላል፤ ልክ ናቸው። ግን እዚያው ሕገ መንግሥት ውስጥ አንቀጽ 41 አለ። መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። አንቀጽ 91ም ታሪካዊ ቦታዎችንና ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ሁሉ ግዴታ ነው ይላል። ቅርሱ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ከሆነ ይቅር የሚል ሐረግ የለበትም። እንዴ፣ ቢኖርበት ኖሮ ወሎ ላይ ምን ይቀራል? የእኛ ቅርስ እኮ ዘጠኝ እጁ የጸሎት ቤትና መቃብር ነው። መመዝገብ ደግሞ ቅዳሴ ማስቀደስ ወይም ዚያራ መሄድ አይደለም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው የዘለሉት አንድ ነገር አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ወጪው ከአቅሙ በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊረዳ እንደሚችልም ይላል። አሁን የገጠር ደብርን አስቡ። ቄሰ ገበዙ ራሳቸው አርሰው የሚበሉ ሰው ናቸው። የአንድ ሼኽ ሀድራ፣ ማለትም የዱዓ መሰብሰቢያ ቦታ፣ ጠባቂም እንዲሁ። ሕጉ ግዴታውን እነሱ ላይ ጭኗል። እርዳታ ለመጠየቅ ደግሞ ቅርሱ መታወቅ አለበት፤ ለመታወቅ መመዝገብ አለበት። መዝጋቢውን እነሱ ይቅጠሩ ማለት ድሃውን ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው።

በውጭ አገር ቤተሰብና ማኅበር ራሱ ይመዘግባል የሚል አንድ አንቀጽም አላቸው። አሜሪካን ነው የጠቀሱት። አሜሪካ በ1966 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ ክፍለ ግዛቶች ታሪካዊ ቦታዎቻቸውን እንዲመዘግቡ የፌዴራል ገንዘብ ትሰጣለች። ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ የቆመ ፈንድ አለ፤ የገቢ ምንጩ ከባሕር ዳርቻ ነዳጅ የሚገኝ ክፍያ ነው። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ከሚደርሰው ላይ ቢያንስ 10 በመቶውን ብቁ ለሆኑ የከተማና የአካባቢ አስተዳደሮች ማውረድ አለበት። በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ደግሞ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የቀብር ቦታዎች የተለየ ሕግ ወጥቷል። ቤተሰብ ብቻውን አልተተወም። ለማንኛውም ይህን ያነሳሁት እሳቸው ስላነሱት ነው።

ወደ ሦስተኛው ልሂድ፤ እኔን በጣም ያናደደኝ እሱ ነው። ታዋቂዎቹ ተመዝግበዋል፣ የቀረው ተራ ድንጋይ ነው ይላሉ።

ላሊበላ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ 12 አንዱ ሆኖ። መዝገቡ ላይ ያሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ከዚያ ወጣ ስትሉ ግን ይምርሐነ ክርስቶስ አለ። ገነተ ማርያም አለ፤ የይኩኖ አምላክ ሥዕል ግድግዳው ላይ ያለበት። አሸተን አለ፣ ነአኩቶ ለአብ አለ። ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ነው፤ ከቤተ መቅደሱ በስተጀርባ የደረቀ የሰው አስከሬን ተከምሮ ይታያል። በአፈ ታሪክ ከሩቅ አገር የመጡ ከ5 ሺህ በላይ ምዕመናን ናቸው ይባላል። ይህ ተራ ድንጋይ ነው? እዚያው ላሊበላ ከተማ ውስጥ ቀደምት የሚባለውን የመቃብር ቦታ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ቆፍረውታል። ከ11ኛው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ሲቀበርበት የኖረ ቦታ ሆኖ ተገኘ። ስለ ዘመኑ ሰው አኗኗርና አቀባበር የሚናገር ማስረጃ የተገኘው ከመቃብር ነው፤ ከፍልፍሉ ሕንፃ ይህን አታገኙትም።

ወደ ደቡብ ውረዱ። አማራ ሳይንት፣ ቦረናና ከላላ አካባቢ የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት የሠሯቸው አብያተ ክርስቲያናት ፍራሽ አለ። መካነ ሥላሴን የግራኝ አህመድን ዘመቻ የጻፈው ዓረብ ፈቂህ ራሱ ወርቅ የለበሰ ብሎ ጽፎለታል፤ በ1531 እ.ኤ.አ. ተቃጠለ። አትሮንሰ ማርያም የነገሥታት መቃብር ነበረች፤ እሷም በዚያው ዘመን ተቃጠለች። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የተጠረበ ድንጋይ ይወድቃል። ድንጋዩን አንዱ ለአጥር ይወስደዋል፣ ሌላው ለበር መርገጫ። ገበሬውን አትፍረዱበት፤ ማንም አልነገረውም።

በእስልምናው በኩል ያለው ክፍተት ደግሞ የባሰ ነው። ጃማ ንጉሥ፣ ዳና፣ ጌታ፣ ሾንኬ፦ እነዚህ የኢትዮጵያ እስልምና የትምህርት ማዕከላት ናቸው። የሼህ ሙሐመድ ሻፊ፣ የሐጂ ቡሽራ፣ የሼህ ጀውሀር ስም ወሎ ውስጥ ያልሰማ የለም። በዓረብኛና በአጀሚ፣ ማለትም በዓረብ ፊደል በተጻፈ አማርኛ፣ የተጻፉ ኪታቦችና መንዙማዎች በየቤቱ በጨርቅ ተጠቅልለው ተሰቅለዋል። ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ሲያጠኑ እንዲህ ያሉ ጽሑፎችንና የሀድራ ባለቤቶችን ትውስታ ተጠቅመዋል። ያን ትውስታ የያዙ አዛውንቶች አንድ በአንድ እያለፉ ነው። ታዋቂዎቹ ተመዝግበዋል ሲባል እነዚህ ታዋቂ አይደሉም ማለት ነው? ወይስ ጸሐፊው ቅርስ ሲሉ የሚታያቸው አንድ ወገን ብቻ ነው? እንደዚያ ባይሆን ደስ ይለኛል፤ ወሎ እንዲህ አታውቅም።

አዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶችን አገር አቀፍና ክልላዊ ብሎ ይመድባል። አገር አቀፍ የሚባሉት ጥቂት ናቸው። የቀረው ሁሉ የክልል፣ በተግባር ደግሞ የዞንና የወረዳ ሸክም ነው። ፌዴራል መጥቶ የሾንኬን የድንጋይ ቤቶች ይቆጥርልናል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ምዝገባ ሌባ ይጠራል የሚለው አራተኛው ነጥብ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ማስረጃው ግን በተቃራኒው ነው፤ ማስረጃው ያለውም እዚሁ ወሎ ውስጥ ነው።

አፍሮ አይገባ የሚባለው የላሊበላ የወርቅ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰረቀ። ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በ1993 ዓ.ም. ተመለሰ። ለምን ተመለሰ? ስለሚታወቅ ነው። ፎቶ ነበረው፣ መልኩ ይታወቃል፣ የእኔ ነው ብሎ መካድ አይቻልም። ያው ሌባ ከአንድ ስም የለሽ ደብር ፎቶ የሌለው መስቀል ወስዶ ቢሆን ኖሮ የት ብለን እንጠይቅ ነበር? ኢንተርፖል የተሰረቁ ቅርሶች መዝገብ አለው፤ እዚያ የሚገባው ተለይቶ ሊታወቅ የሚችል ዕቃ ብቻ ነው። ያረጀ የብር መስቀል ጠፋብኝ ብትሉ አይቀበላችሁም።

የሐይቅ እስጢፋኖስን ተመልከቱ። የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል 13ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተጻፈ ነው፤ ከዘመናቸው የተረፉልን የብራና መጻሕፍት ደግሞ ጥቂት ናቸው። በ1965 ዓ.ም. ገደማ በተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ተነሥቷል። ቁጥሩ 1832 ነው። ቅጂው አዲስ አበባም አሜሪካም አለ። ክፉ ነገር ቢደርስ ይዘቱ አይጠፋም። አሳፋሪው ነገር ወጪው በአብዛኛው ከውጭ መምጣቱ ነው። የእኛን የምንመዘግበው ሰው ሲያዝንልን ብቻ መሆን አለበት?

መቅደላን ካነሳን ደግሞ ብዙ የሚባል አለ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ካለፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጫነ። ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው አብሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን አደረጉ? ቆጠሩ። የብራና መጻሕፍቱ ዝርዝር በ1877 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ታተመ፤ ከዝርፊያው በ9 ዓመቱ። እያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር ተሰጠው፣ የቅጠሉ ብዛት ተጻፈ፣ ኅዳግ ላይ ያለው ሳይቀር ተነበበ። ይህ ሁሉ በእንግሊዝ መንግሥት ወጪ ነበር። ዛሬ ከመቅደላ የተወሰዱ ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ብሪቲሽ ላይብረሪ አሉ ብለን የምንከራከረው እነሱ በቆጠሩት ቁጥር ነው። ተዘራፊው በዘራፊው መዝገብ ይሟገታል። ይህን እያወቁ ምዝገባ ሌባ ይጠራል ማለት ይከብዳል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍም ያየነው ይህንኑ ነው። ሌባው መዝገብ አንብቦ አልመጣም፤ በር ሰብሮ ገባ። መዝገብ የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምን ጠፋ፣ ምን ቀረ ለማለት።

ጸሐፊው አንድ ነገር ላይ እውነት አላቸው፦ የብራናና የወርቅ ዕቃ ትክክለኛ ማስቀመጫ በአደባባይ መለጠፍ የለበትም። ለሕዝብ የሚታየው ዝርዝርና ለባለሥልጣኑ የሚቀመጠው ዝርዝር ይለያይ። መፍትሔው ይኸው ነው፤ ምዝገባውን መተው አይደለም።

ሙታን ይረፉ ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። ማንም አጽም ይቆፈር አላለም። ጥያቄው የት እንዳሉ ማወቅ ነው። ጸሐፊው እስልምና መቃብርን ማክበርን ይከለክላል ብለዋል። በዚህ ጉዳይ ዑለማዎች መካከል ክርክር እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔ አልገባበትም። ቦታውን ጽፎ መያዝ ግን ማምለክ አይደለም። የሚቃወመውም የሚደግፈውም ሰው መቃብር ላይ ቤት ሲሠራ አይወድም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የንጉሥ መቃብር ብቻ እንዳልሆነ ይታወቅ። በ1965 እና 66፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወገኖቻችን በየመጠለያውና በየመንገዱ ዳር በጅምላ ተቀብረዋል። እድር የለም፣ ለቅሶ የለም፣ ስም የለም። ያኔ የቀበሩት ወጣቶች ዛሬ አርጅተዋል። ቦታውን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው፤ ሌላ ሰው የለም። ጸሐፊው ረሃብ በነበረበት አገር ስለ መቃብር ማውራት ነውር ነው ብለዋል። እኔ ደግሞ ረሃብ የገደላቸውን የት እንደቀበርን አለመጻፋችን ነው ነውር የሚመስለኝ። ትልልቆቹም ቢሆኑ እኮ ከዚህ አልዳኑም። ደሴ የተወለዱት ልጅ ኢያሱ፣ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የተቀበሩበት ቦታ ዛሬም ያከራክራል። የአንድ ሀገር አልጋ ወራሽ መቃብር ከጠፋ የእረኛውማ ምን ይባላል።

የቤት ባለቤት እጁ ይታሰራል የሚለው ከፊሉ እውነት ነው። የተመዘገበ ቤት ያለ ፈቃድ አይፈርስም፣ አይቀየርም። ባለቤትነቱ ግን አይወሰድም። ሕጉ ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም ሊያዝ እንደሚችል ይቀበላል። ለባለቤቱ የሚደረግ የግብር ወይም የእድሳት እርዳታ ቢታሰብ ጥሩ ነው፤ ይህን ግን ጸሐፊው ሊጠይቁ ይገባ ነበር እንጂ ምዝገባውን ይቁም ማለት አልነበረባቸውም።

አሁን አበል። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። አራት ሰው በአንድ መኪና ተጭኖ ይሄዳል፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ፎቶ ያነሳል፣ የአምስት ቀን አበል ይወራረዳል። ፎርሙ ቢሮ ገብቶ ይቆለፍበታል። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ኃላፊ ይመጣል፤ ከዜሮ ይጀመራል። ይህን ያላየ ወረዳ ውስጥ አልሠራም።

ግን ይህ ገንዘቡ እንዴት ይከፈል የሚል ጥያቄ ነው። ክፍያው በቀን ሳይሆን በተጠናቀቀ ፎርም ይሁን። ፎርሙ ፎቶ፣ ቦታና የሁለት ሽማግሌ ቃል ከሌለው አይከፈልበት። ሥራውን ለታሪክ መምህራንና ለተማሪዎች ይስጡት፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲና መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ናቸው። የመስቀልና የብራናው ዝርዝር ተለይቶ ይቀመጥና የቦታዎቹ ዝርዝር በየቀበሌው ይለጠፍ። የተዘለለ መቃብር ካለ፣ ስሙ የተሳሳተ ሼኽ ካለ ሕዝቡ ያርመው። አንድ ቅጂ ወረዳ፣ አንድ ቅጂ ዞን፣ አንድ ቅጂ ዩኒቨርሲቲ ይቀመጥ፤ ቢሮ ቢዘረፍ ወይም ኃላፊ ቢቀየር መዝገቡ እንዳይጠፋ።

ቅደም ተከተሉም ይታወቅ። መጀመሪያ መንገድ ወይም ኮሪደር የታቀደባቸው ሰፈሮች። ቀጥሎ የረሃቡ መቃብሮች፤ ምስክሮቹ በሕይወት እያሉ። ከዚያ ኪታብና ብራና ያለባቸው ቤቶች። ላሊበላና ግሸን መጨረሻ ላይ ቢመጡ ማንም አይጎዳም። በጀቱ በሚቀጥለው ዓመት ምክር ቤት ሲቀርብ ጸሐፊው ተነሥተው ይቃወሙ፤ መብታቸው ነው። እኔ የምጠይቃቸው ሲቃወሙ አበሉ ይሰረዝ እንዲሉ ነው፣ መዝገቡ ይሰረዝ እንዳይሉ።